ጎርፉ ኮምቦልቻ ያወረደው

ባለሁበት ሩቅ አገር፣ ቆሻሻ አጣጣል ማን አስተማረሽ ሲሉኝ የትምህርት ቤት ክበባችንን መምህር በዱዓ አነሳለሁ። አላህ ይውደዳቸው።

ልጅ ሳለሁ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ቆሻሻ ለመጣል ዝናብ ይጠበቅ ነበር። የቆሻሻ ገንዳው ከላይ አስፋልቱ ዳር ነው፤ አቀበቱ ያታክታል። ስለዚህ ፌስታሉም ያረጀው ጫማም በጆንያ ይጠራቀምና፣ ደመናው ሲጠቁር የየቤቱ ሴት ወጥታ የሰፈሩ ቦይ ውስጥ ታራግፈዋለች። ጎርፉ በአፍታ ጠርጎት ይሄዳል። እናቴም "አልሃምዱሊላህ፣ ጸዳልን!" ትላለች። ክፋት አልነበራትም፤ ንጽሕና ወዳድ ናት።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ መምህራችን "የዛሬው ትምህርት ቦዩ ነው" ብለው ይዘውን ወጡ። ቦዩን ቦርከና ወንዝ እስኪገባ ድረስ ተከትለን ቁልቁል ወረድን። ቀጥሎ በሚኒባስ ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር አደረሱን። እዚያ አትክልት የሚያለሙ ሴቶች ከመስኖ ቦያቸው ፌስታል ይጎትታሉ። አንዷ አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ ነበረች። ቦዩ ተደፍኖ ውሃው የቃሪያ ችግኟ ላይ ተኝቷል። ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ቃሪያ ነው።

"እናትሽን፣ የላክሽው ደርሷል በያት" አለችኝ። "ጫማው ግን አንድ እግሩ ብቻ ነው፤ ሌላውንም ትላክልኝ!"

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። መምህራችን ዶማ አቀበሉን፤ እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሰላት ድረስ ስንጠርግ ዋልን።

ማታ ለእናቴ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። የጫማው ነገር አሳቃት።

"ችግኙስ?"

"በስብሷል።"

በማግስቱ እናቴ ኮምቦልቻ ወርዳ እህቷን "አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ" አለቻት።

"አውፍ ብያለሁ። ቁፋሮው ግን አይቀርልሽም" አለች አክስቴ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው እንደገና ተከሉ።

ደመናው ዳግም ሲጠቁር እናቴ ቦዩ ዳር ቆመች። ጎረቤታችን ጆንያዋን ይዛ መጣች።

"ዞር በይልኝ እንጂ፣ ጎርፉ ሳያልፍ!"

"ተይ፤ ታች እህቴ አለች።"

"የኔ እህት እንደሁ እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ ናት!"

"ትሁና። ታች ያሉትስ የማንም እህት አይደሉም?"

ጎረቤታችን ዝናብ እየወረደባት ጆንያዋን ከቦዩ ዳር መለሰች። "አይ አንቺ ሴት፣ በዚህ ዝናብ አቀበት ልታስወጪኝ!" አለች። የጆንያውን አንድ ጫፍ እናቴ ያዘችላት፤ እየተነጫነጩ ወደ ገንዳው ወጡ።