የአክስቴ የግብጦ አረቄ

ቡሬ አጠገብ የምትኖረው አክስቴ አረቄ የምታወጣው ከግብጦ ነበር። የተቆላውን ግብጦ በጆንያ አስራ ወንዝ ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች። ዳር ላይ ተጋድሜ፣ ውሃው ምሬቱን ይዞ ሲወርድ እኔም አብሬው የምፈስ ይመስለኝ ነበር። ለቆሎ የሚሆነው ምሬቱ ጨርሶ እስኪለቅ ይቆያል፤ የአረቄውን ግን ቀድማ ከወንዙ ታወጣዋለች።

«ሁሉንማ ለወንዝ አልሰጥም» ትላለች።

ለተዝካሯ አረቄውን ያወጣነው እኛ ዘመዶቿ ነን። ለካ ግብጦውን እንደ ቆሎው አቆይተነው ኖሯል። ዕድሜ ልካቸውን የእሷን አረቄ ሲጠጡ የኖሩት ሽማግሌ ጎረቤቷ አንዴ ቀመሱና ወደ ወንዙ አቅጣጫ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ መለኪያውን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ለልጆቹ ስጧቸው።»