የሮቤ ላሞች

የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የወጪ መጋራት ውል ፈረመች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ለቅሶ ቤት ሆነ። «እማማ፣ ገና ሳልማር ባለዕዳ ሆንኩ እኮ!» ትለኛለች።

«ተይኝ እስቲ» አልኳት። «የእኔ ዕዳ አራት እግር ነበረው፤ ይጮህም ነበር።»

የቀለድኩባት መሰላት። አልቀለድኩም።

የኢተያ አካባቢ ገበሬ ልጅ ነኝ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ለአንድ የሮቤ ቤተሰብ ልጅ ታጨሁ፤ በወጉም መሠረት ለአባቴ አምስት ላም ተነዳለት። የሮቤ ሰዎች ጨዋዎች ነበሩ። አባቴ «ስምንተኛን ትጨርስ» ሲላቸው ጠበቁ፤ «አሥራ ሁለተኛን ትጨርስ» ሲላቸውም እያጉረመረሙ ጠበቁ። እኔ አሰላ ቤት ተከራይቼ እማር ነበር። አባቴ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ በበቅሎ ይመጣል፣ ኪራዩን ከፍሎ ይሄዳል። ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጣው አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።

ከዚያ የማትሪክ ውጤት መጣ፤ አለፍኩ። ያኔ ዩኒቨርሲቲው ከተማሪ ክፍያ አይጠይቅም ነበርና የቀረኝ ነገር ያለ አልመሰለኝም፤ እግሬ መሬት አልነካ አለ። ለአባቴ ስነግረው ግን ፊቱ አመድ መሰለ።

«የሮቤ ሰዎች ከዚህ በላይ አይጠብቁም፤ ላሞቻቸውን መመለስ አለብኝ» አለ።

«መልስላቸዋ!» አልኩት።

እውነቱን የነገረኝ ያኔ ነው። አንዷ ላም በበሽታ ሞታለች። ሦስቱን ሸጧቸዋል፤ ለቤት ኪራዬ፣ ለደብተሬ፣ ለዩኒፎርሜ። የቀረችው አንዲት ብቻ ናት። ለካ ስድስት ዓመት ሙሉ ያስተማሩኝ፣ ሳያውቁት፣ የሮቤ ሰዎች ኖረዋል! አምስቱም ካልተመለሱ ደግሞ ቃል ቃል ነው፤ መስከረም ሲጠባ የምሄደው አዲስ አበባ ሳይሆን ሮቤ ነበር።

ለአባቴ አንድ መንገድ ብቻ ቀረው፤ ቡሳ ጎኖፋ። በእኛ በአርሲዎች ዘንድ ከብቱ ያለቀበት ወይም ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ጉዳቱን ይዞ ወደ ጎሳው ይሄዳል። ጎሳው ካመነበት በየቤቱ መዋጮ ይጥልና ሰውየውን መልሶ ያቆመዋል። ብድር አይባልም፤ ምጽዋትም አይባልም።

ስብሰባው ከትልቁ ዝግባ ሥር ነበር። ወንዶቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ እኔና እናቴ ወደ ኋላ ከሴቶቹ ጋር ቆመናል። አባቴ ተነሣና ምንም ሳይደብቅ ተናገረ። «የሰው ላም በላሁ። ልጄን አስተማርኩበት። እወቁልኝ» አለ። ያ ግዙፍ ሰውዬ እንደዚያ አንሶ አይቼው ስለማላውቅ እንባዬ መጣ።

የአባቴ የአጎት ልጅ ብድግ አለ። ድምፁ ጎርናና ነው፤ ስብሰባ ላይ የሚቃወመው ነገር አጥቶ አያውቅም። «ከብት ያለቀበት ሰው አይቻለሁ» አለ። «ቤት የተቃጠለበትም አይቻለሁ። ልጁ ፈተና ያለፈችበት ሰው ግን፣ ወላሂ፣ ዛሬ ገና ማየቴ ነው!»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ አመለጠኝ። እሱ ግን ፈገግም አላለ። ወደ ሴቶቹ ዞረና በእጁ ጠራኝ።

«አንቺ፣ ነይ እስቲ። ላሞቹን ብንሰጥልሽ ተምረሽ ትመለሻለሽ?»

እናቴ «እመለሳለሁ በይ» ብላ በጆሮዬ አንሾካሾከች። ማለትም ነበረብኝ፤ ጤነኛ ሰው እንዲያ ይላል። ግን አባቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ገመናውን ገልጦ እኔ መዋሸት አቃተኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

ጉርምርምታ ሆነ። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሰማችሁ አይደል!» አለ ሰውየው። «ነገ ሌላ ጎሳ ታገባለች። እኛ ለሷ ምኗ ነን?»

ይሄኔ ንዴቴ መጣ። ስናደድ ምላሴን መያዝ አልችልም፤ ዛሬም አልሻልኩም። «ምኔ እንደሆናችሁ ልንገርዎት!» አልኩና አባቶቼን መቁጠር ጀመርኩ። ትውልድ መቁጠር በእኛ ቤት የወንድ ልጅ ትምህርት ነው፤ እኔ የያዝኩት ለወንድሞቼ ሲያስጠኗቸው ከጓዳ ሰምቼ ነው። አባቴን ጠራሁ። አያቴን ጠራሁ። ሦስተኛው ቅድመ አያቴ ነው፤ ለዚያ ለተቆጣኝ ሰው ደግሞ አያቱ ነው። ስሙን ስጠራ የሰውየው ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ወዲያ ያሉት አባቶች የሁለታችንም ናቸውና ሳያስበው አብሮኝ ይቆጥር ጀመር። አምስተኛው ላይ በግራ በኩል የተቀመጡት ቤተሰቦች ገቡበት፤ የእነሱም አባት ነው። ሰባተኛው ላይ ከግንዱ ሥር ያሉት ሽማግሌዎች ገቡ። እያንዳንዱ ሰው የራሱ አባት ሲደርስ ድምፁን ይጨምራል። አሥራ አንደኛው ላይ ስንደርስ ከዝግባው ሥር ዝም ያለ ወንድ አልነበረም። ሱብሃን አላህ! ብቻዬን የጀመርኩት ቆጠራ ሀገር ሙሉ ሰው ሆኖ ወጣ። ከዚያ በኋላ ስንት ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አላየሁም።

ቆጠራው ሲያልቅ ስብሰባውን የሚመሩት ሽማግሌ በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉና «ይዋጣ» አሉ።

አራቱ ላሞች በሁለት ሳምንት ውስጥ ተሟሉ። አባቴ አምስቱንም ወደ ሮቤ ነዳ፤ እኔ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ሦስት ዓመት ተማርኩ። ያኔ ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በአገልግሎት ይሠራ ነበርና እኔ እዚያው አርሲ ውስጥ፣ ኦጎልቾ፣ በአስተማሪነት ተመደብኩ። ከምትከፈለኝ ላይ ቆጥቤ፣ ብሩን በፖስታ አሽጌ፣ ወደ እኚያ ሽማግሌ ቤት ሄድኩ።

«ምንድነው?» አሉኝ።

«የላሞቹ ዕዳ ነው፤ መጀመሪያው።»

የዘረጉትን እጃቸውን ሰበሰቡ። «ምነው ልጄ? ሂሳብሽን ዘግተሽ ልትለዪን ነው?» አሉኝ፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ ሳይሆን ሐዘን ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ይህን አለማወቄ! ፖስታዬን አንሥቼ፣ አፍሬ፣ ወጣሁ።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እያስተማርኩ ሳለ ከመንደራችን አንድ መልእክተኛ መጣ። የዚያ ድምፀ ጎርናና ሰውዬ በሬዎችና ላሞች በመብረቅ አልቀዋል፤ ጎሳው ተሰብስቦ መዋጮ ጥሏል። «አንቺም ተጥሎብሻል» አለኝ። «እንደ አንድ አባወራ።»

ተማሪዎቼ ፊት አለቀስኩ። ልጆቹ መርዶ የመጣብኝ መስሏቸው ደነገጡ።

በዚያች ፖስታ ብር ጊደር ገዛሁ። በሰው ላኪያት ቢሉኝ እምቢ አልኩ፤ መንገዱን ሁሉ ራሴ ነዳኋት። ሰውየው ከደጃፉ ቆሞ ጠበቀኝ፤ አርጅቷል። ጊደሯን ጀርባዋን ዳሰሳት፣ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«‹አላውቅም› ብለሽን አልነበር?» አለኝ።

«ያኔ አላውቅም ነበር» አልኩት፣ ገመዱን እያቀበልኩት።