አባቴ፣ የኮሌስትሮል ኪኒኑና ፋርማሲስቷ

ዛሬ አንዲት ፋርማሲስት የአባቴን ኩላሊት አተረፈችልን።

አባቴ አንዋር መስጊድ አካባቢ ቅመም ይነግዳል። የኮሌስትሮል ኪኒን ለዓመታት ሲወስድ ምንም ሆኖ አያውቅም። ሰሞኑን ግን ጭኑን እያመመው «ጆንያ ስላነሳሁ ነው» ይለን ነበር። (ማን ይከራከረዋል!)

ጠዋት ማስታገሻ ልንገዛ ፋርማሲ ገባን።

«ጋሼ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አለችው ፋርማሲስቷ።

«የኮሌስትሮል አለ። ሰሞኑን ደግሞ ለሳል አንቲባዮቲክ ጀምሬያለሁ።»

«ሽንትዎ ጠቁሯል?»

አባቴ ክው አለ። ለእኛ እንኳን አልነገረንም!

«ሁለቱ መድኃኒቶች ተጋጭተው ጡንቻዎን እየጎዱት ይሆናል፤ ይሄ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል፤ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ።»

እውነቷን ነበር። ሐኪሙ «በጊዜ ደረሳችሁ፤ ኩላሊቱ ተርፏል» አለን። የኮሌስትሮል ኪኒኑንም ለጊዜው አቆመው፤ ሲያገግም ለልቡ ስለሚያስፈልገው እንደገና ያየዋል።

ማስታገሻውን ሸጣ ብትሸኘን ማን ይጠይቃት ነበር?

እናንተስ መድኃኒት ተጋጭቶባችሁ ያውቃል? ማን ደረሰላችሁ?