በሽንኩርት ልጣጭ የተነከረው መረብ

የዚያን ዕለት ጠዋት በበረዶው ፈንታ ዝናብ ጣለ። ወሩ ገና የካቲት ነበር፤ ትናንት በበረዶ ነጥቶ የዋለው ሜዳ ሲነጋ ጠቁሮ ታየ። ፓራስካ በመስኮት አይታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠች።

በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ የተንጠለጠለው የመድፍ መሸፈኛ መረብ ነጭ ነበር። የባሕር ማዶ ሰዎች የላኩትን አንሶላ እየቀደደች ሦስት ሳምንት ሙሉ ከመንደሩ ሴቶች ጋር የቋጠረችው ነው። ለበረዶ ተብሎ የተሠራ መረብ ጥቁር መሬት ላይ ሲዘረጋ ድሮንን ና ብሎ እንደ መጥራት ነው። ከሥሩ የሚያድረው ደግሞ ግንባር ያለው ወታደር ልጇ ኦስታፕ ነው። የእነ ኦስታፕ አሮጌ መረብ ተቃጥሎባቸዋል።

መረቡን ወደ ግንባር የሚያደርሰው በጎ ፈቃደኛ አንሰልሙ መኪናውን ደጅ አቁሞ ገባ። በአገሩ በፖርቱጋል ዳቦ አከፋፋይ ነበር፤ የእነሱን ቋንቋ ከገበያ ሴቶች ስለተማረ ከሰላምታው ይልቅ ስድቡን ያውቃል። ከአሥር ሰዓት በኋላ መንገዱ እንደማያሳልፍ ነገራቸው። ቡናማ ጨርቅ እንዳለው ቢጠይቁት፣ ገና ድንበር ላይ ነው አለ።

ፓራስካ ካፖርቷን ደርባ ወጣች። ስትመለስ በሁለት አሮጌ ረጃጅም ካልሲ የታጨቀ የሽንኩርት ልጣጭ ይዛለች። ለፋሲካ እንቁላል ማቅለሚያ ያጠራቀመችው ነው። ጎረቤቷ ሜላኒያ አየቻትና፣

«አንቺ፣ መድፉን ልትቀቅይው ነው?» አለቻት።

«ያንቺንም አምጪ። የዛገ ምስማርም ፈልጊ፤ ቀለሙን ያጠቁረዋል።»

ልጣጭ የማያጠራቅም ቤት ስለሌለ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ወዲያው በካልሲና በከረጢት ሞላ። የመረቡን አንድ ጫፍ በትልቁ ድስት ነክረው ሲያወጡ ሌላውን ይነክራሉ። በሰሜን በኩል መድፍ ሲያጉረመርም እጅ ሁሉ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ይቀጥላል። አንሰልሙ ሰዓቱን እያየ ይመላለሳል። አሥር ሊሆን ሲል መሃሉ ገና ነጭ ነበር።

«እማማ፣ ይብቃዎት» አላት።

«እንዲህ ሆኖ አይሄድም። ልጄ የሚተኛው ከመሃሉ ሥር ነው።»

አንሰልሙ አንድ የገበያ ስድብ ለራሱ አጉተመተመና እጅጌውን ሰብስቦ መረቡን አብሯት ያዘ። አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ውሃው እየተንጠባጠበ ጫኑት። እዚህ ቡናማ፣ እዚያ ቀይ፣ ሌላው ጋ ዝንጉርጉር ነው። ሜላኒያ አፈረች፤ እሱ ግን መሬቱም እንደዚሁ ነው ብሎ ነዳ።

ሁለት ቀን የሱም የኦስታፕም ወሬ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን አንሰልሙ መኪናው በጭቃ ተለውሶ ተመለሰ፤ ማታውን ኦስታፕ ደወለ።

«እማ፣ ጓደኞቼ ፋሲካ ፋሲካ ሸተትን እያሉ ነው» አላት። የጠላት ድሮን ሁለቴ በላያቸው ዞሮ ሳያያቸው ሄዷል።

የዚያን ዓመት የመንደሩ የፋሲካ እንቁላል ሳይቀለም ተባረከ።

ፓራስካ ዛሬም እዚያው አዳራሽ፣ በመስኮቱ በኩል በተሰቀለ ሌላ መረብ ላይ ትቋጥራለች። ኦስታፕ አሁንም ግንባር ነው፤ እስካሁን ቤት አልመጣም።