ትከሻ ላይ የቀረች እጅ

ሱሀይራ መጀመሪያ ያየችው እጂቱን ነበር። ፎቶው ዳር፣ የአንዲት አሮጊት ትከሻ ላይ፣ ሂና የጠገበች አንዲት እጅ ተቀምጣለች። ክንድ የላትም፣ ባለቤት የላትም፤ ከአንጓዋ ተቆርጣ ቀርታለች።

«ይቺን እጅ አጥፊልኝ» አለች መድና፣ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ። «ሆዮን፣ እናቴን፣ ደግሞ አሳድጊያት። ይሄን ግድግዳ ታህል።»

ሱሀይራ የምትሠራበት ፎቶ ቤት መጋላ ውስጥ ነው። መጋላ ላይ መድናን የማያውቅ የለም። ጨርቅ ትሸጣለች። ሻሽ በክንዷ ስትለካ ገዢው ትንሽ ወደኋላ ይላል። ዋጋ የሚከራከራትን «ሂድ አቦ፣ ራቁትህን ዙር!» ብላ ታባርራለች፤ የተባረረው ግን ዞሮ ዞሮ የሚገዛው ከእሷ ነው። የማትሰድበው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከደረቁ ወንዝ ማዶ ከዚራ የምትኖረውን ታናሽ እህቷን ኡባህን። እሷን ጭራሽ አታናግራትም።

እናታቸው ያረፉ ዕለት መድና ለንግድ ከከተማ ወጥታ ዋሂል ሄዳ ነበር። ኡባህ አልጠበቀቻትም። ጀምበር ሳትጠልቅ እናታቸው ተቀበሩ፤ መድና ስትደርስ ያገኘችው አዲስ አፈር ነው። የመጨረሻውን ፊት ሳታይ ቀረች። አሁን ደግሞ የምታውቀው ፊት እንኳ ከልቧ እየሸሸ ነው። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለሱሀይራም ያመለጣት በቁጣ መሃል ነው።

«ፊቷ እየጠፋብኝ ነው፣ አንቺ ምን ታፈጥጪብኛለሽ? ሥሪ!»

ሱሀይራ ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍታ አሳደገችው። አሮጊቷ ተበተኑ። ዓይናቸው በነበረበት ቦታ ቡናማና ጥቁር አራት ማዕዘኖች እንደ ወለል ንጣፍ ተደርድረው ቀሩ። ሱሀይራ ይህን በየቀኑ ታየዋለች፤ በየቀኑም ይገርማታል። ያ ሁሉ የእናት አስተያየት፣ ሲቀርቡት፣ ጥቂት ባለቀለም ጠጠር!

«እናቴን ሸክላ አደረግሻት!»

«እኔ አይደለሁም ኢዶ» አለች ሱሀይራ፣ እንደ አክስት አክብራ ስትጠራት። «ፎቶ ማለት የነዚህ የትንንሾቹ ክምር ነው። ፒክስል ይባላሉ። እዚህ ላይ የቀሩት ጥቂት ናቸው። ስናሳድገው አዲስ አይወለድም፣ ያሉት ይወፍራሉ እንጂ። ሻሽ ስትወጥሪ ክሩ ይበዛል? ቀዳዳው ነው የሚሰፋው።»

«ስለ ጨርቅ? ለእኔ? ወላሂ፣ ምላስሽ ከመቀሴ ይረዝማል!»

«ፎቶውን ከየት አገኘሽው?» አለች ሱሀይራ።

«የኡባህ ልጅ በስልክ ላከችልኝ። ሆዮና ኡባህ ጎን ለጎን ቆመው ነው። ያቺን ቆረጥኳትና ሆዮን ፕሮፋይሌ አደረግኳት። እጇ ግን አልወጣ አለ።»

«ሙሉውስ?»

«አጠፋሁታ! እሷን በስልኬ ተሸክሜ ልዙር? ይሄን ከፕሮፋይሌ ላይ ነው ያወጣሁት።»

ነገሩ ያኔ ለሱሀይራ ገባት። ስልኩ ለዚያች ለትንሿ የፕሮፋይል ክብ የሚበቃትን አስቀርቶ ሌላውን ጥሎታል። መድና እህቷን ስታባርር እናቷም አብረው ሳስተዋል።

«ልጅቷ ድጋሚ ትላክልሽ።»

«ብሎክ አድርጌያታለሁ።»

«በስልክ የተላከውም ግድግዳ አያህልም። የታጠበው ፎቶ ራሱ ከመጣ፣ ስካነር ላይ አድርጌ በጥሩ ጥራት…»

«እሱ ኡባህ ሳጥን ውስጥ ነው!» መድና ጠረጴዛውን መታችው። «እሷ ናት የላከችሽ? እግሯ ላይ እንድወድቅ? ፎቶ የሚያጠራ ማሽን አለ ይባላል፤ የት ደበቅሽው?»

አልደበቀችውም። ፕሮግራሙን ከፈተችው። ጥቂት ቆየና ስክሪኑ ላይ አንዲት አሮጊት ቁልጭ አሉ፤ ሽፋሽፍታቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ጥርሳቸው ነጭ፣ ቆዳቸው ልስልስ። ያቺ እጅ ደግሞ የሻሽ እጥፋት ሆናለች። ሱሀይራ ሳታስበው «ሱብሃነላህ!» አለች።

መድና ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

«ይቺ ማናት?»

«ሆዮ ናታ።»

«የማን ሆዮ? የእኔዋ ጥርሷ ወላቃ ነበር። ቅንድቧን የሰነጠቀ ጠባሳ ነበራት። ለማን ሰጠሽው?»

«ፕሮግራሙ የጎደለውን በግምት ነው የሚሞላው።»

«የእናቴን ፊት? በግምት?» ድምፅዋ እስከ መንገዱ ተሰማ። «ጠባሳው እዚህ ነበር፣ ግራ ቅንድቧ ላይ…»

ጣቷ ስክሪኑ ላይ ቆመ። ወደ ቀኙ ቅንድብ ሄደ። ተመለሰ። የራሷን ቅንድብ ነካች፣ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ጠባሳው የቱ ላይ እንደነበር ጠፋባት።

ይህን ሱሀይራም ኮምፒውተሩም አያውቁትም። የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር ያቺን አሮጊት አጥባ የከፈነችው የእጂቱ ባለቤት፣ ኡባህ ናት።

መድና ስልኳን ከጠረጴዛው ላይ ነጠቀች።

«እጇን ልፋቀው?» አለች ሱሀይራ ቀስ ብላ።

«እንዳትነኪው! ማን ንኪው አለሽ?»

«አንቺ ነሻ…»

«ዝም በይ! ይቺንም መልከ መልካም አሮጊትሽን አጥፊያት፣ ስመለስ እንዳላያት።» በሩ ላይ ዞር አለች። «ደግሞ ልታረቅ የሄድኩ እንዳይመስልሽ። ፎቶዬን ልቀማት ነው። እምቢ ካለች ሳጥኑን እሰብረዋለሁ።»

አንድ ባጃጅ አጠገቧ ቀስ ሲል «ሂድ ከፊቴ!» አለችው። ሱሀይራ በሩ ላይ ቆማ አየቻት፤ ሻሿን እያጠበቀች፣ ለብቻዋ እየተሳደበች፣ ደረቁን ወንዝ ወደ ከዚራ በእግሯ ተሻገረች። አንዴም ዞር ብላ አላየችም።