ከባፈና አከርካሪ ግርጌ የበቀለው

መምህርት ባፈና ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ባለ ትምህርት ቤት ሃያ ሰባት ዓመት ሒሳብ አስተምራለች። መቀመጥ ያቃታት በ2004 ዓ.ም. ክረምት ነው። ወንበር ላይ አረፍ ስትል የጋለ ብረት የገባባት ይመስላታል፤ ታክሲ ውስጥ እንኳ በአንድ ጎኗ ተንጠልጥላ ነበር የምትሄደው።

በየክሊኒኩ የሚነግሯት አንድ ነው፤ "የነርቭ ሕመም ነው፤ ከባድ ዕቃ አያንሱ።" መርፌ ወጓት፤ ወጌሻ አሻት፤ ሁለት ሱባዔ ፀበል ገባች። ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ ሽንቷ እምቢ ሲላት ባሏ ነገሳ ጉርድ ሾላ አካባቢ ወዳለ ሆስፒታል ወሰዳት። ዶክተር ጌድዮን የተባለ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ጓንት አጥልቆ በፊንጢጣዋ በኩል በጣቱ መረመራት።

"እስካሁን እንዲህ አድርጎ ያየዎት ሰው የለም?" አላት። ማንም አልነበረም።

ኤም አር አይ ተነሣች፤ በረጅም መርፌ ናሙና ተወሰደ። ከአከርካሪዋ ግርጌ፣ ከራሱ ከአጥንቱ የበቀለ፣ ብርቱካን የሚበልጥ ዕጢ ነበር።

"ቀስ ብሎ የሚያድግ ካንሰር ነው። በመድኃኒት አይጠፋም" አላት ሐኪሙ። "ሳይቀደድ፣ ከያዘው አጥንት ጋር ቆርጠን ማውጣት አለብን። ከተቀደደብን ተበትኖ ይመለሳል።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?" አለች ባፈና።

"የሽንትና የሰገራ ነርቮች በመሐሉ ያልፋሉ፤ አብረው ይቆረጣሉ። መራመድ ይችላሉ። ሽንትዎ ግን ከእንግዲህ በቱቦ ነው፤ ሰገራዎንም እንደ ልብ አይቆጣጠሩም።"

"ነርቮቹ እንዳይነኩ ከዕጢው ትንሽ ብትተዉላትስ?" ነገሳ ለመነ።

"የምንተወው ነው የሚገድላቸው።"

ባፈና ሦስት ሳምንት አሰበች። ተማሪ ፊት ልብሷ ሲረጥብ እየታያት ሞቱን የመረጠችባቸው ቀናት ነበሩ። አንድ ጠዋት ግን ነገሳን፣ "ልቆረጥ። ከተጸየፍከኝ ፊት ለፊት ንገረኝ" አለችው። ፊቱን አዙሮ አለቀሰ።

ቀዶ ጥገናው አሥራ አራት ሰዓት ፈጀ። ዕጢው ሳይቀደድ ወጣ፤ ቁስሉ ግን አመረቀዘና አራት ወር በሆዷ ተኛች። ወደ ማስተማሩ አልተመለሰችም። ሽታዋ ሰው ጋ የሚደርስ እየመሰላት ቤተ ክርስቲያንም ከአጥሩ ውጭ ቆማ ትሳለማለች። ነገሳ አልተጸየፋትም፤ አልጋ ግን ለየ። ስለዚያ ሁለቱም አንስተው አያውቁም።

በሦስተኛው ዓመት ምርመራ ዕጢው አልተመለሰም። ያን ዕለት ዶክተር ጌድዮን፣ ያው ሕመም የተገኘባትን ጫልቱ የምትባል የሠላሳ ዓመት ነጋዴ እንድታነጋግርለት ጠየቃት። ባፈና መጸዳጃ ቤት ይዛት ገባች፤ በሩን ዘግታ ቱቦውን እንዴት እንደምታስገባ ሳትደብቅ አሳየቻት።

ጫልቱ ግድግዳውን ተደገፈች። "ይቆጭዎታል እትዬ?"

"አንዳንድ ቀን፣ በጣም። ልጅ አለሽ?"

"አንዲት። ሦስት ዓመቷ ነው።"

"እኔ ዓመት ከመንፈቅ አባከንኩ። አንቺ አታዘግዪ።"

ጫልቱ በሳምንቱ ፈረመች። በቀዶ ጥገናዋ ዕለት ባፈና ከጫልቱ እናት ጋር ኮሪደሩ ላይ ዋለች።