ትርፍ ጉድጓድ

ደመና ከእግር በታች በሚውልባት በዚያች የተራራ ጫፍ ከተማ፣ በበረዶው ወራት መሞት ቀላል ነው፤ መቀበር ነው ጣጣው። መሬቱ ብረት ይሆናል፤ ዶማ ቢያነሱበት የሚሰበረው ዶማው ነው። ስለዚህ መቃብር ቆፋሪው የወራቱን ጉድጓዶች ውርጩ ሳይገባ በፊት ቆፍሮ፣ አፋቸውን በሳንቃ ከድኖ፣ ባለቤቶቻቸውን ይጠብቃል። ስንት ይቆፈር? ያንን የሚያውቀው ዓይኑ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዴም አልሳተም። ሰው ሲያይ መጀመሪያ ቁመቱን፣ ቀጥሎ ሳሉን ስለሚለካ "ጋሽ ሜትር" ይሉታል።

ዘንድሮ አራት ቆፈረ። ወራቱ ሳይጋመስ ሦስቱ ሞሉ። አንዷ ቀረች።

አንዷ መቅረቷን የሰማ ሽማግሌ ሁሉ በአንድ ሌሊት ጎረመሰ። ጡረተኛው ዳኛ ምርኩዙን ጥሎ፣ ደረቱን ነፍቶ በጋሽ ሜትር መስኮት ሥር ያልፋል፤ ጥጉን ከዞረ በኋላ ግን ግድግዳ ተደግፎ እንደ ወናፍ ያለከልካል። የዳቦ ጋጋሪው መበለት ሳሏን በሻሿ አፍና ታልፍና፣ "ደህና አደርክ ሜትርዬ! እኔ እንኳ ዘንድሮስ ፈረስ ሆኛለሁ!" ትለዋለች። እሱ ቁመቷን ያያል።

በዚህ መሐል ከታች፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት፣ በሳምንታዊዋ መኪና አንድ ተቆጣጣሪ መጣ። ስስ ጫማ፣ ወፍራም ቦርሳ። እንደ ደረሰ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይሰበስብ፣ መቃብሩን ልይ አለ።

"በዕቅዱ ላይ ሦስት ነው የሚለው። ይህች አራተኛዋ የማን ናት?"

"ገና አልታወቀም ጌታዬ።"

"ያልታወቀ ሰው እንዴት ይመዘገባል?"

"እሱ ራሱ ሲመጣ ይመዘገባል።"

"እኛ ዘንድ ሰው ከሞተ በኋላ ነው የሚቆፈረው!"

"እናንተ ዘንድማ መሬቱም ሞቃት፣ ወንበሩም ሞቃት።"

ተቆጣጣሪው ቀልድ አልወደደም። ከዕቅድ በላይ የቆፈረ ከሥራ ይነሳል፤ ከሥራ የተነሳ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን ቤት ይለቃል። ጋሽ ሜትርና ሚስቱ ሠላሳ ዓመት የኖሩባቸው ሁለት ክፍሎች ከመቃብሩ አጥር ጋር የተያያዙ፣ ከሥራውም ጋር የተያያዙ ናቸው። "ነገ እጽፈዋለሁ" አለና፣ ሌላ ማደሪያ ስላልነበረ፣ በዚያው በጋሽ ሜትር ጓዳ ተኛ።

ሲነጋ አልተነሳም። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ደረቱ እንደሚፈላ ድስት ይንተከተካል። ከፍታው ጥሎታል።

ከተማዋ እንደዚያ ቀን ደግ ሆና አታውቅም። ሽማግሌው በሙሉ ብርድ ልብሱንና ሾርባውን ይዞ ጎረፈ፤ ፊቱ ሁሉ በርቷል። መበለቷ ማንኪያውን አንስታ፣ "የኔ ልጅ፣ አፈር ስሆን አንዴ ቅመስልኝ!" አለችና ምላሷን ነከሰች። "አፈሩስ ይቅር፤ እንዲያው ቅመስልኝ።"

ዳኛው ጋሽ ሜትርን ወደ ጥግ ሳበው። "ቁመቱ ስንት ይሆናል?"

"ጉድጓዷ ታጥረዋለች።"

"እግር ይታጠፋላ!"

የዚህ ሕመም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ መውረድ። መኪናዋ የምትመለሰው ከአራት ቀን በኋላ ነው። ያለው መጓጓዣ አስከሬን በበረዶ ላይ የሚንሸራተትበት፣ ጎማ አልባው ጋሪ ብቻ። ጋሽ ሜትር ገመዱን ሲፈታታ ሚስቱ ተከትላው ወጣች።

"አንተ ሰው፣ አብደሃል? ዝም ብትለው ጉድጓዷም ትሞላለች፣ ወረቀቱም አይጻፍም፣ ቤታችንም ይቀርልናል። ግደለው አላልኩህም፤ ተቀመጥ ነው ያልኩህ።"

"ይሄ ሰውዬ በቁጥሬ የለም።"

"አሁን ቁጥር የሚያነሳ ማን ነው?"

"ሠላሳ ዓመት በዓይኔ ነው የበላሁት፤ ዛሬ መንገደኛ ከትቼ ልክ ነበርኩ ልበል? በይ፣ እግሩን ያዢልኝ።"

ዳኛው በሩ ላይ ተገተረ። "በዚህ ብርድ ሕመምተኛ አይንቀሳቀስም! ሕግ ነው!"

"የቱ ሕግ?"

"የ... የሰብአዊነት!"

ጋሽ ሜትር ሰብአዊነትን በትከሻው ገፍቶ ወጣ። በሽተኛውን ከነብርድ ልብሱ ጠፍሮ ቁልቁለቱን ያዘ። ሽማግሌዎቹ ከላይ ቆመው፣ ከእጃቸው ያመለጠ ዘመድ ይመስል፣ በዓይናቸው ሸኙት። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ተቆጣጣሪው ውሃ ለመነ። ስድስተኛው ላይ ቦርሳውን ጠየቀ። የታችኛዋ መንደር ጤና ጣቢያ ጣሪያ ሲታይ ደግሞ ቀና ብሎ፣ "ይህ ጋሪ የምን ማመላለሻ ነው?" አለ።

"የሬሳ።"

ተቆጣጣሪው እርሳሱን አወጣ።

ደብዳቤው ከሁለት ሳምንት በኋላ ደረሰ። ዳኛው ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ውስጥ፣ የብረቱን ምድጃ ተጠግቶ፣ በደስታ አነበበው፤ ጥፋት አንድ፣ ትርፍ ጉድጓድ። ጥፋት ሁለት፣ ለሟች በተመደበ ጋሪ ያለፈቃድ ሕያው ሰው ማመላለስ። ቆፋሪው ተነስቷል፤ ቤቱን በወር መጨረሻ ያስረክብ። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ተሰነጠቀ፤ "ከእንግዲህ ማንኛውም ጉድጓድ የሚቆፈረው ሟች ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ይሆናል።"

ሰው ከሞተ በኋላ ይቆፈር ቢባል መሬቱ ብረት ነው። ቅዝቃዜው ገና ሁለት ወር ይቀረዋል። ጉድጓድ ያጣ ሬሳ በረዶው እስኪቀልጥ ከማገዶ ጋር ተደርድሮ ይከርማል ማለት ነው።

"እንግዲህ ያለችን አንዷ ናት" አለ ዳኛው ቀስ ብሎ። "በዕድሜ ታላቁ እኔ ነኝ።"

"ታላቅነትህን እዚያው!" አለች መበለቷ ተነስታ። "አንተ ትናንት በየመስኮቱ ስትፎክር የነበርክ ጎረምሳ አይደለህም እንዴ? የታመምኩ እኔ! ሳሌን ስሙት!" ሳለች፤ ከልቧ ሳለች። ከኋላ ሌላው ጉልበቱን፣ ሌላው ልቡን መቁጠር ጀመረ። ተያይዘው ወደ መቃብሩ አጥር ሄዱ።

ጋሽ ሜትር ፍራሹን በገመድ እየጠፈረ ነበር።

"ሜትርዬ፣ ሞት ይርሳህና፣ አራተኛዋን ለማን ነበር የቆፈርካት? አንተ ካልክ እንስማማለን።"

ቀና ብሎ አንድ በአንድ አያቸው፤ ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ።

"ከሥራ ተነስቻለሁ" አለና ፍራሹን ተሸከመ። "እርስ በርሳችሁ ተለካኩ።"